የከተማ መሃል አሮጌ የግንብ ድልድይን ማደስና ማስፋት፦ ቅስቱ ላይ እንጫን ወይስ ጎኑ እንሥራ?

ተምጫ_ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። በጎጃም ከተሞች መሃል በሚያልፉ ወንዞች ላይ አሁንም አገልግሎት የሚሰጡ የድንጋይ ቅስት ድልድዮች አሉ። ሲሠሩ የታሰበው ለእግረኛ፣ ለአጋሰስና ለቀላል መኪና ነበር። ዛሬ ሲኖትራክና ተሳቢ ያልፍባቸዋል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ባጃጅ፣ ጋሪና የገበያ ሰው ይጋፋል። ግማሹ «ይፍረስና በአዲስ ይተካ» ይላል፣ ግማሹ «ቅርስ ነውና አይነካ» ይላል። ሁለቱም ወገን ሜትር ሳይዝ ነው የሚከራከረው።

ውይይቱ መሬት እንዲይዝ አንድ ድልድይ በልኬት ላስቀምጥ። ሁለት ቅስት አለው፤ የእያንዳንዱ ክፍተት 8 ሜትር፣ ከመነሻው እስከ አናቱ ያለው ከፍታ 2 ሜትር፣ የቅስቱ ድንጋይ ውፍረት 55 ሴ.ሜ። አናቱ ላይ ያለው ሙሌት ከነአስፋልቱ 45 ሴ.ሜ ነው። የመሃል ምሰሶው 1.6 ሜትር ይወፍራል፣ ከመሠረቱ እስከ ቅስቱ መነሻ 2 ሜትር ይቆማል። በሁለቱ የግንብ መደገፊያዎች መካከል ያለው ስፋት 6.4 ሜትር፣ ከነመደገፊያው 7.2 ሜትር ነው። ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተገንብቶ ኋላ ላይ በሲሚንቶ ስቲላቱራ (የድንጋዮቹን መገጣጠሚያ ከውጭ መሙላት) ተደርጎለታል።

የሚፈለገው ለተሽከርካሪ 7.3 ሜትር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ 2 ሜትር የእግረኛ መንገድ ነው። መደገፊያዎቹ ሲደመሩ 12.1 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 4.9 ሜትር ከየት ይምጣ? ሦስት መንገድ ይታየኛል፦ ቅስቱ ላይ ሰፊ የአርማታ ስላብ መጣል፣ ድንጋዩን ቆጥሮ አፍርሶ አስፍቶ መልሶ መገንባት፣ ወይም አሮጌውን ጠግኖ ጎኑ አዲስ መሥራት። የትኛውን ትመርጣላችሁ? ምክንያቱን በቁጥር አስደግፉልኝ።

ጨሞጋ

ወንድም ተምጫ ማዶ፣ ከማስፋቱ በፊት አሁን ያለው ቅስት ምን ያህል እንደሚችል እንወቅ። ለድንጋይ ቅስት የመጀመሪያ ግምት የሚሰጠው ሜክሴ የሚባለው ከእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የመጣ ቀመር ነው። የቅስቱንና የአናቱን ሙሌት ውፍረት ደምረህ በራሱ ታባዛለህ፣ በ740 ታባዛለህ፣ ከዚያ 1.3 ኃይል ለተሰጠው ክፍተት ታካፍላለህ። ልኬቱ በሜትር ገብቶ መልሱ በቶን ይወጣል።

ባስቀመጥከው ድልድይ 0.55 ሲደመር 0.45 አንድ ሜትር ነው። 8 በ1.3 ኃይል 14.9 ይሆናል። 740 ለ14.9 ሲካፈል 49.6 ቶን ነው። ይህ ጥሬ ቁጥር ነውና ይቀነስለታል፦ ለቅርጹ 0.9፣ ለድንጋዩና ለሙሌቱ ዓይነት 0.975፣ ለመገጣጠሚያው ሁኔታ 0.8 ብንይዝ፣ ለአጠቃላይ ጤንነቱ ደግሞ 0.7 ብንሰጠው በአንድ አክስል (የጎማ ዘንግ) 24 ቶን ገደማ እናገኛለን። የመንገዶች የድልድይ ዲዛይን ማኑዋል የሚጠቀምበት የዲዛይን መኪና የኋላ አክስሉ 145 ኪሎኒውተን ነው፤ 33 በመቶ የንዝረት ጭማሪ ሲታከልበት 20 ቶን አይሞላም። ስለዚህ ቅስቱ ካልተሰነጠቀና መሠረቱ ደኅና ከሆነ አሮጌው ድልድይ ጭነቱን ይችላል። የጎደለው ስፋት ነው።

አሁን ብዙ ቦታ የሚፈጸመውን ጥፋት ተመልከት። አስፋልት በአስፋልት ላይ ሲደረብ መደገፊያው ያጥራል፤ ከዚያ «እናስተካክለው» ተብሎ ሙሌቱ ይቆረጣል። 45 ሴ.ሜው ወደ 20 ሴ.ሜ ቢወርድ ድምሩ 0.75 ይሆናል፣ ጥሬው ቁጥር ከ49.6 ወደ 28 ይወርዳል፣ ከቅናሾቹ በኋላ የሚቀረው 14 ቶን ገደማ ነው። 25 ሴ.ሜ አፈር በመንሳት ብቻ ድልድዩ ከሚችል ወደማይችል ይለወጣል። ሙሌቱ የጎማውን ጫና ዘርግቶ ለቅስቱ የሚያደርሰው እሱ ነውና ትርፍ አፈር ተደርጎ መታየት የለበትም።

ቀመሩ እስከ 18 ሜትር ክፍተት ድረስ ለግምት ይሆናል። በጣም አጭር ክፍተት ላይ፣ በተለይ ከ5 ሜትር በታች፣ አቅሙን አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል። የመጨረሻ ውሳኔ በእሱ ብቻ አይወሰድም።

ጠራቢው

ልጆች፣ ስለ ጭነቱ የተባለው ጥሩ ነው፤ ግንቡን የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ከላይ በአስፋልት ስንጥቅ ወይም በመደገፊያው ሥር ገብቶ ሙሌቱን ያርሳል። የረጠበ ሙሌት ይከብዳል፣ የጎን ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፣ በቅስቱ መገጣጠሚያ በኩል ሲወርድ ኖራውን እያጠበ ይወጣል። ከቅስቱ ሆድ ላይ ነጭ ጠብታ ደርቆ ካያችሁ ያ ኖራው ነው፤ ከመገጣጠሚያው እየወጣ ነው ማለት ነው።

የሲሚንቶ ስቲላቱራው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሲሚንቶ ከድሮው ኖራ ይልቅ ደረቅ ነው፣ ውሃም አያሳልፍም። ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይታገላል፣ የድንጋዩም ከንፈር እየተላጠ ይረግፋል። ግፊቱም በግንቡ ውፍረት ሁሉ ላይ መከፋፈሉ ይቀርና በዚያች በደረቀችው ጠርዝ ላይ ይከማቻል።

ጥገናው እንዲህ ይሁን። የሲሚንቶ ስቲላቱራው በመሮና በእጅ መዶሻ ይወጣል። በግራይንደር አይሁን፤ ዲስኩ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። መገጣጠሚያው ቢያንስ የስፋቱን ሁለት እጥፍ ጥልቀት፣ በትንሹም 3 ሴ.ሜ ይጠረጋል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ሲሞላ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቁምበት። ሞርታሩ ለላይኛው ክፍል 1 ኖራ ለ3 የታጠበ ሹል አሸዋ። ከወንዙ ውሃ ደረጃ አጠገብና ከዚያ በታች ተራ ኖራ አይደርቅም፤ ለመድረቅ አየር ይፈልጋልና። እዚያ የተፈጨ ቀይ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታከልበታል፤ 1 ኖራ፣ 1 የተፈጨ ስኮሪያ፣ ከ2 እስከ 3 አሸዋ ብሎ ጀምሮ በናሙና ማረጋገጥ ነው። በእንጅባራና በዘንገና አካባቢ ስኮሪያ ሞልቷል፤ ዱቄት እስኪሆን መፈጨት አለበት፣ ጠጠሩን እንዳለ መጨመር ምንም አይጠቅም። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ ደግሞ በደጀን በኩል በዓባይ ሸለቆ አለ።

የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲገባበት ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳይኖር ማንም አይቅረብ። በውሃ የጠፋው ኖራ በጉድጓድ ውሃ እንደለበሰ ወራት ቢከርም የበለጠ ይሰባል።

ሌላ፤ የጎጃም በጋ ፀሐይና ነፋስ ኖራን ሳይጠነክር ያደርቀዋል፣ እንደ አመድ ይሆናል። የተሠራው ፊት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይጠበቅ፣ ጠዋትና ማታ ይረጭ።

ደጀን_በር

ጋሽ ጠራቢው ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከተማው የሚፈልገው ስፋት ነው። ስላብ መጣሉ በጣም ርካሹና ፈጣኑ ነው። ሙሌቱ ላይ 25 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው በፌሮ የተጠናከረ ስላብ ይጣላል፣ በሁለቱም ጎን እየተንጠለጠለ ይወጣል፣ የእግረኛው መንገድ በዚያ ላይ ይሆናል። ወንዙ አይነካም፣ መሠረት አይቆፈርም፣ ስላቡም የጎማውን ጫና ይበትናል። ክብደቱም አያስፈራም፦ የአርማታው ክብደት በካሬ ሜትር 6.25 ኪሎኒውተን ነው፣ የሚተካው አፈር 4.5 ገደማ ነበር፤ ጭማሪው 1.75 ብቻ ነው።

ጨሞጋ

ደጀን በር፣ ክብደቱን በትክክል አስልተሃል፤ ግን ድልድዩ መሃል ላይ ያለውን ብቻ ነው ያሰላኸው። 4.9 ሜትሩን ለሁለት ስትከፍለው በየጎኑ 2.45 ሜትር የተንጠለጠለ ስላብ ነው፤ ከግድግዳው ውጭ ያለው ሙሉ ክብደት አዲስ ነው፣ የሚተካው አፈር የለም። ከዚያ የገበያ ቀን ሕዝብ ሲቆምበት ጫናው በቀጥታ በጎን ግድግዳው አናት ላይ ያርፋል። ያ ግድግዳ ሙሌት ለማቀፍ እንጂ ጭነት ለመሸከም አልተሠራም፤ ተሰንጥቆ ከቅስቱ ይለያል። በቅስቱ ሆድ ላይ ከጠርዙ ከ50 እስከ 80 ሴ.ሜ ገባ ብሎ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ካየህ ግድግዳው መለየት ጀምሯል።

1 ሜትር ያህል በየጎኑ መውጣት ብቻ የሚፈለግበት ድልድይ ላይ ስላቡ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ እሱም ከግድግዳው አናት ጋር እንዳይነካካ 3 ሴ.ሜ ክፍተት ተትቶ በሚጨመቅ ነገር ተሞልቶ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ማውጣት ግን በፍጹም አይሆንም፤ መሠረቱ በአንድ በኩል ይበልጥ ይጫናል።

ለዚህ የለንደን ድልድይን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1831 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የድንጋይ ቅስት ድልድይ ከ1902 እስከ 1904 በግራናይት ተሸካሚ ድንጋይ ከ52 ጫማ ወደ 65 ጫማ እንዲሰፋ ተደረገ። ጭማሪው ለመሠረቱ ከበደ፤ በ1924 በተደረገ ልኬት የምሥራቁ ጎን ከምዕራቡ ከ3 እስከ 4 ኢንች ዝቅ ብሎ ተገኘ። በመጨረሻ በ1968 ተሽጦ፣ የፊት ድንጋዮቹ ተቆጥረው ወደ አሜሪካ አሪዞና ተጓጉዘው በአርማታ አካል ላይ ተለበጡ። የሰፋበት ምክንያት ልክ እንደኛው የመንገድ መጨናነቅ ነበር።

ኮሶበር

እኔ ለማፍረሱ እከራከራለሁ። ድንጋዩ ተቆጥሮ ከወረደ ምን ይጎድላል? የሞስታር ድልድይ በ1993 እ.ኤ.አ. በጦርነት ወድሞ በ2004 በዚያው ቅርጽ፣ በአካባቢው ድንጋይ ተሠርቶ ቆሟል። አስፍተን ብንሠራው ከተማው ለመቶ ዓመት ይገላገላል።

ጠራቢው

ልጄ ኮሶበር፣ ሞስታር ወድቆ ነው የተሠራው፤ የቆመን ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። የግድ ይፍረስ ከተባለ ግን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አንዱ ከተዛባ ሰው ይሞታል።

አንደኛ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ሁለቱም ቅስቶች ሥር ሴንተሪንግ (ቅስቱን ከታች የሚደግፍ ጊዜያዊ ቅርጽ) ይቆማል፣ የቅስቱን ሆድ እስኪነካ በሽብልቅ ይጠበቃል። አንዱን ቅስት ደግፎ ሌላውን ማፍረስ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ፊት ቀጥ ተብሎ በሜትር ታጥሮ ፎቶ ይነሳል። ቁጥሩ በማይታየው የድንጋዩ ፊት ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል፦ የቅስቱ ቁጥር፣ ረድፉ፣ ከወንዙ ላይኛ በኩል ስንተኛ እንደሆነ፣ የላይ አቅጣጫውም በቀስት። ድንጋዮቹ የሚደረደሩት በሚመለሱበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጨረሻ የወረደው መጀመሪያ ስለሚመለስ ከፊት ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ መደገፊያው ይወርዳል። ከዚያ ሙሌቱ 30 ሴ.ሜ በ30 ሴ.ሜ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል፣ በሁለቱም ቅስት ላይ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ኤክስካቫተር ድልድዩ ላይ አይውጣ፤ ከዳር ሆኖ በረጅም ክንዱ ወይም በሰው ጉልበት። ድንጋዮቹ ከአናት ወደ መነሻ ይወርዳሉ፣ እዚህም ግራና ቀኝ እኩል።

ሲመለስ ከሁለቱ መነሻዎች እኩል እየተሄደ የአናቱ ቁልፍ ድንጋይ መጨረሻ ይገባል። ሴንተሪንጉ በኖራ ሥራ 28 ቀን አልፎትም አይወርድ፤ ናሙናው ሲጠነክር ብቻ። ሽብልቁ መጀመሪያ ከአናቱ ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ይላላል፣ ቀስ በቀስ ወደ መነሻው ይወረዳል፣ ተመልሶ ከአናቱ ይጀመራል። በየዙሩ የአናቱ መስመጥ በሌቭል ይለካ። መስመጡ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ሽብልቁ ተመልሶ ይጠበቅ።

ጨሞጋ

ጋሽ ጠራቢው «አንዱን ደግፎ ሌላውን ማፍረስ አይቻልም» ያሉትን በቁጥር ላሳይ። የሙሌቱንና የቅስቱን ክብደት በካሬ ሜትር 32 ኪሎኒውተን ብንይዝ የጎን ግፊቱ ክብደቱ በክፍተቱ ካሬ ተባዝቶ ለከፍታው ስምንት እጥፍ ሲካፈል ነው፦ 32 ሲባዛ በ64 ለ16፣ 128 ኪሎኒውተን። በአንድ ሜትር ስፋት 13 ቶን፣ በ7 ሜትር ስፋት 90 ቶን ማለት ነው። ሁለቱ ቅስቶች ቆመው ሳሉ ይህ ግፊት መሃሉ ምሰሶ ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል።

አንዱ ሲነሳ ግን 13 ቶኑ በ2 ሜትር ከፍታ ምሰሶውን ይገለብጠዋል፤ 26 ቶን ሜትር። የሚይዘው የምሰሶው ክብደት 8 ቶን በ0.8 ሜትር፣ እና የቀረው ቅስት ግማሽ ክብደት 13 ቶን በ1.4 ሜትር ነው፤ ሲደመር ከ25 አይበልጥም። ምሰሶው ይገለበጣል፣ የቀረውንም ቅስት ይዞት ይሄዳል። በሞጣ በኩል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎቹ ቆመው የቀሩት ግፊቱን የሚቀበል ወፍራም ግንብና አለት ከኋላቸው ስላለ ነው። የከተማ መሃል ቀጭን ምሰሶ ያን ዕድል የለውም።

የማፍረሱ ሐሳብ ሌላም ችግር አለው። ከ7.2 ወደ 12.1 ሜትር ስታሰፋ የነበረው ድንጋይ ለቅስቱ ርዝመት 60 በመቶ ብቻ ነው የሚበቃው። የቀረው አዲስ ጥርብ ነው፤ አዲሱም በአሮጌው ምሰሶ ላይ ሳይሆን በአዲስ መሠረት ላይ ይቆማል። አሮጌው መሠረት ለዘመናት ሰምጦ ጨርሷል፣ አዲሱ ገና መስመጥ ይጀምራል። በአንድ ግንብ ከተሳሰሩ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃሉ።

ሙጋ_ወንዝ

ስለ ወንዙ ማንም አላነሳም። ድልድይ በጭነት ከሚወድቀው ይልቅ በጎርፍ መሠረቱ ተቦርቡሮ የሚወድቀው ይበዛል። ከጮቄ የሚወርዱ ወንዞች፣ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ዳገታቸው ገደላማ ስለሆነ በክረምት ድንጋይ እያንከባለሉ ይመጣሉ። ላይ ያለው መሬት ደን ሲያጣና ከተማው በአስፋልትና በቆርቆሮ ሲሸፈን ጎርፉ ይበዛል፣ ቶሎም ይደርሳል። አሮጌው ድልድይ ሲሠራ የነበረው ወንዝ አሁን ካለው ጋር አንድ አይደለም። የመቶ ዓመት ጎርፍ (በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ አንድ በመቶ የሆነው) እንደገና ሳይሰላ ምንም ዓይነት ማስፋት አይጀመር።

ለምሰሶው ሥር የሚደረደረው ድንጋይ መጠን በፍጥነቱ ይወሰናል። ጎርፉ ምሰሶው አጠገብ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢሄድ፣ ክብ አፍንጫ ላለው ምሰሶ አማካይ የድንጋይ መጠን 43 ሴ.ሜ ይወጣል፤ አፍንጫው አራት ማዕዘን ከሆነ 56 ሴ.ሜ። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ድንጋዩ በአራት እጥፍ ማደግ አለበት፤ ለዚህ ነው «ያገኘነውን ድንጋይ ደፋንበት» የሚባለው በመጀመሪያው ሐምሌ ጠራርጎ የሚሄደው። ንጣፉ የአማካዩን መጠን ሦስት እጥፍ ይወፍር፣ ከምሰሶው ዙሪያ የምሰሶውን ስፋት ሁለት እጥፍ ይውጣ፣ ሥሩ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ይነጠፍ። አናቱ ከወንዙ ወለል ጋር እኩል ይሁን። ወለሉ ላይ ከተከመረ የውሃውን መንገድ ያጠባል፣ አጎራባቹን ይቦረቡራል። ጋቢዮን (በሽቦ ሣጥን የታሰረ ድንጋይ) ከሆነ ድንጋይ በሚያንከባልል ወንዝ ላይ ሽቦው ይበጠሳል፤ ምሰሶ ሥር አልመክረውም፣ ለዳርቻው ግን ይሆናል።

እና የተምጫ ማዶ ጥያቄ፦ ጎን ከተሠራ አዲሱ ድልድይ ውሃ ውስጥ ምሰሶ አይኑረው። የአሮጌው ጠቅላላ መክፈቻ 17.6 ሜትር ነው። በ18 ሜትር ክፍተት ያለ ምሰሶ ይሻገራል።

ተምጫ_ማዶ

እህት ሙጋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ወደ ሦስተኛው እያመራን ነው። ጎኑ የሚሠራው ምን ይምሰል? አሮጌውን ሳይጎዳስ እንዴት ይቆፈራል?

ጨሞጋ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ አሮጌው የራሱን ሸክም ብቻ ይሸከም፣ አዲሱም ለብቻው ይቁም። አሠራሩም በክልሉ የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው የዓባይ ድልድይ ለብቻው የቆመ አዲስ ድልድይ ነው። በደጀን በኩልም ዓባይ በረሃ ላይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትሩ የኅዳሴ ድልድይ በአሮጌው ጎን ቆሟል።

ለእኛው ድልድይ፦ አሮጌው 6.4 ሜትሩ ላይ አንድ መሄጃ 3.65 ሜትር እና የ2 ሜትር የእግረኛ መንገድ ይያዝ፤ የሚተርፈው 75 ሴ.ሜ ከባድ መኪናን ከመደገፊያው ያርቀዋል። መኪናው ወደ መሃል ሲገባ የጎን ግድግዳው ያርፋል። አዲሱ 3.65 ሲደመር 2 ሲደመር ሁለት መደገፊያ፣ ወደ 6.5 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ የሌላው አቅጣጫ መሄጃ ይሆናል።

የአዲሱ አካል የአርማታ ገርደር (ስላቡን የሚሸከም አግዳሚ) ከነስላቡ ይበቃል። ለ18 ሜትር የገርደሩ ከፍታ ከስላቡ ጋር ቢያንስ የክፍተቱ 7 በመቶ ነው፦ 1.26 ሜትር። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ቅስቱ አናቱ ከፍ ብሎ ውሃ የሚያሳልፈውን ገርደሩ ዝቅ ብሎ ሊዘጋው ይችላል። የገርደሩ ሆድ ከከፍተኛው የጎርፍ ደረጃ በላይ የሚበቃ ክፍተት ከሌለው መዳረሻ መንገዱ ከፍ ይበል።

መሠረቱን በተመለከተ፣ አዲሱ ቁፋሮ ከአሮጌው መሠረት በታች የሚወርደውን ጥልቀት ያህል በትንሹ መራቅ አለበት። 3 ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ ከ3 ሜትር በላይ ይራቅ። መጠጋት ግድ ከሆነ በድጋፍ ይቆፈር እንጂ ሜዳውን መክፈት አይሞከር። ሁለቱ ድልድዮች በምንም አይያያዙ፤ ፌሮ ወደ አሮጌው ግንብ አይሰካ።

ዘጎዛምን

የመዳረሻውን ሙሌት አትርሱ። በእኛ አካባቢ ከአባትመንት (የድልድዩን ጫፍ የሚሸከመው የዳር ግንብ) ኋላ የወጣውን ዋልካ መልሶ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አባትመንቱን ይገፋል፣ መኪና ሲገባ የሚዘልበትን ጉድጓድም ይፈጥራል። ጠጠራማ አፈር በ20 ሴ.ሜ ንብርብር ይጠቅጠቅ፣ ከግንቡ ኋላ የድንጋይ ማጣሪያና ከ75 እስከ 100 ሚ.ሜ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይኑር።

ደግሞ የውሃ መስመር! የከተማው ዋና ቱቦ ብዙ ጊዜ በአሮጌው ድልድይ ሙሌት ውስጥ ተቀብሯል። ቱቦው ቀስ ብሎ ቢያፈስ ማንም አያየውም፤ ሙሌቱ በጋም ክረምትም እንደረጠበ ይኖራል። አዲሱ ሲሠራ ቱቦው ወደዚያ ይዛወር፣ ለመብራትና ለኔትወርክ 110 ሚ.ሜ ፒቪሲ ባዶ ቱቦዎች አስቀድመው ይቀመጡ። ካልሆነ ድልድዩ በተመረቀ በዓመቱ አንዱ መጥቶ ይቆፍረዋል።

ደጀን_በር

ተረትቻለሁ፣ ጎን መሥራቱን እቀበላለሁ። ግን አሮጌው እየተጠገነ የከተማው ትራፊክ በየት ይለፍ?

ዘጎዛምን

የጎን ግንባታው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ጊዜያዊ ቤይሊ ድልድይ (ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ) ላያስፈልግ ይችላል። በመጀመሪያው በጋ አሮጌው ክፍት ሆኖ አዲሱ ይሠራል። መስከረም መጨረሻ ላይ ውሃው ሲጎድል በአሸዋ ጆንያ አቅጣጫው ተቀይሮ መሠረቱ ይቆፈራል፣ እስከ ጥር አባትመንቱ ይወጣል፣ እስከ ግንቦት አጋማሽ ገርደርና ስላቡ ያልቃል። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ውስጥ ስካፎልዲንግ አይገኝ። በሁለተኛው በጋ ትራፊኩ በፈረቃ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ አሮጌው ተዘግቶ ይታደሳል፦ አስፋልቱ ይነሳል፣ ሙሌቱ በሁለቱም ቅስት እኩል ይወርዳል፣ ቅስቱ ከላይ ይታጠባል፣ ስንጥቁ በኖራ ግራውት (በቀጭን የኖራ ውህድ) በዝቅተኛ ግፊት ይሞላል፣ ውሃ መከላከያ ሽፋን ይነጠፋል፣ ከዚያ በጠጠር ይሞላል። ያበጠ ግድግዳ ካለ ከ25 እስከ 32 ሚ.ሜ የማይዝግ ማሰሪያ ብረት ከጎን ወደ ጎን በ2 ሜትር ርቀት ይለፍበት፤ ግን ውሃው ከተፈታ በኋላ ነው። ውሃው ሳይፈታ ማሰሪያ ማስገባት ግድግዳውን በማሰሪያው ጫፍ ባሉት የብረት ሳህኖች መካከል እንዲያብጥ ማድረግ ነው።

ሌላ የወረቀት ነገር፦ ድልድዩ በቅርስነት የተያዘ ከሆነ የጥገናው ዕቅድ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጣሊያናዊውን ሳሊምቤኒን ተምጫ ላይ ድልድይ ካሠሩበት ዘመን ጀምሮ የጎጃም ድልድይ የታሪክ አካል ነውና ይህን እንደ እንቅፋት የሚያዩት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ተምጫ_ማዶ

የመጨረሻ ጥያቄ፤ የአሮጌው መሠረት ምን ላይ እንደቆመ ሳይፈርስ እንዴት ይታወቃል?

ሙጋ_ወንዝ

በበጋ፣ ውሃው በወረደ ጊዜ፣ ከአባትመንቱ ጎን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ታይቶ፣ ተለክቶ፣ በደካማ አርማታ ከተሞላ በኋላ ነው የሚከፈተው። ሦስት ነገር ይመዘገባል፦ የመሠረቱ ታች ከወንዙ ወለል ስንት ሜትር ይወርዳል፣ ያረፈው አለት፣ ጠጠር ወይስ ዋልካ ላይ ነው፣ ሥሩ ባዶ ሆኗል ወይ። ምሰሶው ላይ ግን ባለ 12 ሚ.ሜ ፌሮ ዘንግ እየተወጋ ባዶው በዙሪያው ይፈለጋል፤ እዚያ ጉድጓድ አይከፈትም። ባዶ ከተገኘ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር እየተከፈለ፣ አንዱ እየተዘለለ ይሞላል፤ ጎረቤቱ የሚከፈተው የመጀመሪያው አርማታ ሲጠነክር ነው።

ጨሞጋ

ከዚያ ጋር አብሮ፣ በየስንጥቁ ላይ የጂፕሰም ማኅተም (ስንጥቁ ከሰፋ የሚሰበር) ይለጠፍ፣ ቀኑ ይጻፍበት፣ የአናቱና የምሰሶው ደረጃ በሌቭል ይነበብ። አንዱ ንባብ በሚያዝያ፣ ሌላው በጥቅምት። ክረምት ያለፈበት ሳይነበብ የተጻፈ የአቅም ሪፖርት አትቀበሉ። ጎን የሚቆፈር ከሆነ ደግሞ በቁፋሮው ሳምንታት ንባቡ በየቀኑ ይሁን፤ ምሰሶው 3 ሚ.ሜ ከሰመጠ ቁፋሮው ቆሞ ጉድጓዱ ይሞላ።